ባዶ ቃሬዛ በትከሻ አይያዝም

በአዊ ምድር ሰው ፈረስ ካለው ስለ ፈረሱ ያወራል፤ ከሌለው ደግሞ ፈረስ ስላለው ሰው ያወራል። ስለዚህ ነጋ ባለወፍጮው ብስክሌት የሚወዱ የዳንግላ ልጆችን ሰብስቦ ረጅም መንገድ በቡድን መንዳት የጀመረ ጊዜ ከተማው በሳቅ ሊሞት ደረሰ። ጋሪ ነጂዎቹ ገብስ የማይጠይቅ ፈረስ ተገኘ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሰው በአጭር ሱሪ አስፋልት ላይ መታየቱን ለንስሐ አባቱ ነግሮ እንደሆነ ጠየቁ። ነጋ ከሳቁት ጋር አብሮ ይስቅ ነበር። ዱቄት የማይለቀውን ቅንድቡን ከፍ አድርጎ፣ የእናንተ ፈረስ ሲያረጅ ጅብ ይበላዋል፣ የእኔ ሲያረጅ ጎማ ይቀየርለታል ይላቸዋል።

ሚስቱ ስሜነሽ ግን አትስቅም። ስሜነሽ በከተማው ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ ናት። በክረምቱ ነጋ ወፍጮ ቤት ውስጥ ደረቱን ይዞ ጆንያ ላይ ዘፍ ሲል ነገሩ ከማንም ቀድሞ የገባት እሷ ናት። ባሕር ዳር ወስዳ ያሳየችው ሐኪም የልቡ የደም ሥር ጠቧል ብሎ በየቀኑ የሚውጠው መድኃኒት አዘዘለት፤ ሲያመው ከምላሱ ሥር የሚያደርገው ትንሽ ክኒንም ጨመረለት። ሜዳ ላይ መንቀሳቀስ ጥሩ ነው፣ ዳገት ግን እንዳትሞክር አለው። ነጋ ከዚህ ሁሉ የሰማው ስለ ሜዳው የተባለውን ብቻ ነው።

እንግዲህ በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ፣ ከዳንግላ ተነስቶ በእንጅባራ አድርጎ ቻግኒ የሚገባ ጉዞ ሲታሰብ እነነጋ ቤት ክርክሩ ሰነበተ። ስሜነሽ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም አለችው። እሱ ደግሞ ዘንድሮ እንደ አምናው አይደለም፣ አጃቢ መኪና አለ አላት። ውሃው፣ ዳቦው፣ ሙዙ፣ መለዋወጫው፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥኑ በመኪናው ይሄዳል፤ የደከመውም ብስክሌቱን ጭኖ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በመጨረሻ ተስማሙ። እሷ መኪናው ውስጥ ትሆናለች፣ መኪናው ከሁሉም ኋላ ይሄዳል፣ ነጋ ዳገት ሥር ሲደርስ ወርዶ ይጠብቃታል፣ ዳገቱን በመኪና ወጥቶ ሜዳው ላይ እንደገና ይወርዳል። በእናቱ አጥንት አስማለችው። ነጋ ሲምል የሚያፈርስ ሰው አልነበረም፤ እሷም ያን ስለምታውቅ እፎይ ብላ ተኛች።

ክኒኑን ኪሱ ውስጥ እንዲይዝ ስትለምነው ግን እምቢ አለ። ልጆቹ ፊት የበሽተኛ ዕቃ ከኪሱ ማውጣት ሞት መሰለው። አንቺ ካለሽ ክኒኑ አለ አይደል ብሎ ሳቀባት። ክኒኑ በትንሽ ብልቃጥ ሆኖ በስሜነሽ የትከሻ ቦርሳ ገባ።

የጉዞውን ደንብ ያወጣው ራሱ ነጋ ነው። አምና ለአንዱ ጎማ ሲቆሙ፣ ለሌላው ሰንሰለት ሲጠብቁ መንገድ ላይ መሽቶባቸው በጅብ ጩኸት ታጅበው ነበር እንጅባራ የገቡት። ስለዚህ ያን እሑድ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሰብስቦ አስጠነቀቃቸው። “ቆሞ ያያችሁትን ሰው አትጠብቁ። መኪናው ከኋላ አለ፣ መኪናው ያነሳዋል። እኔም ብሆን እንዳትቆሙ።” አንዱ ወጣት አምና ስልክ አነሳለሁ ብሎ ቦይ ውስጥ ስለገባ የሁሉም ስልክ በአንድ ከረጢት ተሰብስቦ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ነጋ የራሱንም ከላይ ጣለበት።

መኪናው አሮጌ ፒክአፕ ነው፤ ነጂው ክንዴ ይባላል። ክንዴ ቀስ ብሎ መንዳት የማይሆንለት ሰው ስለነበር ከብስክሌት ኋላ እንደ ቀብር አጃቢ መሄዱ ገና ከከተማው ሳይወጡ አማረረው። ስሜነሽ አልሰማችውም። ዓይኗ ፊት ለፊት የነጋ ቀይ ካናቴራ ላይ ነበር። ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ስለሄደ አስፋልቱ ጭር ብሏል። ግራና ቀኙ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ነው፤ በዛፎቹ መካከል የከሰል ጭስ ይታያል፤ የታሰረ የከሰል ጆንያ በመንገዱ ዳር ገዥ ይጠብቃል። ነጋ ከኋላ ካሉት ልጆች ጋር እያወራ ነበር የሚነዳው። ሜዳው ላይ ስታየው ጤነኛ ይመስላል፤ እንዲያውም ወጣት ይመስላል። ስሜነሽ ለአንድ አፍታ በከንቱ ነው የተጨነቅሁት ብላ አሰበች።

ወደ አዲስ ቅዳም አቅጣጫ ረጅም ቁልቁለት አለ፤ ከሥሩ ድልድይ፣ ከድልድዩ ወዲያ ደግሞ ዋናው ዳገት። ነጋ ወርዶ የሚጠብቃት እዚያ ድልድይ ላይ ነው። ብስክሌተኞቹ ቁልቁለቱን ጀምረው ከዓይን ሲሰወሩ፣ ክንዴም አፋፉ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ከዲከረንሱ መካከል ሰዎች ወጥተው አስፋልቱን ዘጉት። ቃሬዛ ተሸክመዋል።

በዚያ አገር ቃሬዛ አይታለፍም። ባለፈረስ ከሆንክ ከፈረስህ ትወርዳለህ፤ እግረኛ ከሆንክ ትከሻህን ትሰጣለህ። ቃሬዛ አልፎ የሄደ ሰው ራሱ ሲታመም ተሸካሚ ያጣል ይባላል። ክንዴ ሳይታዘዝ ፍሬኑን ረገጠ። ስሜነሽ ግን መጀመሪያ ያየችው ቃሬዛውን አይደለም፤ ባዶውን አፋፍ ነው። ይህን በኋላ ለራሷ ደጋግማ ተናግራዋለች።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ በአገውኛ የሆነ ነገር ተናግሮ በጣቱ አመለከታት። ይህቺ የምታዋልደዋ ሲስተር ናት ማለቱ ነው። የቃሬዛ ማኅበሩ ሽማግሌ አባ ደሴ ቀረቡና በተቆራረጠ አማርኛ ነገሯት። ይመኙሽ የምትባል የወንድማቸው ምራት ሌሊቱን ወልዳለች፤ ልጁ ደህና ነው፤ የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም፤ ደሙ አልቆም አለ። ስሜነሽ ባለ አበባውን ብርድ ልብስ ገለጠች። ቃሬዛው ከሥር ርሷል። የልጅቷ ከንፈር እንደ አመድ ነጥቷል፤ የልብ ትርታዋን ስትፈልግ ከእጇ አንጓ ላይ አጣችው፣ አንገቷ ላይ አገኘችው።

ክንዴ አጠገቧ ቆሞ ነበር። “ጋሽ ነጋስ?” አላት በለሆሳስ።

መንገዱ ሁለት ነው። ወደ ፊት ቢሄዱ ድልድዩ ላይ ነጋን ያነሱታል፣ ከዚያ አዲስ ቅዳም ጤና ጣቢያ ይገባሉ። ወደ ኋላ ቢመለሱ ዳንግላ ሆስፒታል ነው። ይህቺ ልጅ ኦፕራሲዮን ክፍል ያስፈልጋታል፣ ጤና ጣቢያ ደግሞ ያ የለውም። ወደ ፊት ብትል ማን ምን ይላታል! ተሸካሚዎቹ አያውቁም፤ የልጅቷ ባል የመኪናውን በር ይዞ ወደ አዘዘችው ሊሄድ ተዘጋጅቷል፤ ክንዴም ቢጠረጥር አይናገርም። ልጅቷ መንገድ ላይ ብትሞት እግዜር ጠራት ይባልና ያበቃል። ስሜነሽ ይህን ሁሉ አሰበችው። አላሰብሁትም ብላ አታውቅም።

“አዙር፣ ዳንግላ ነው” አለችው።

ይመኙሽን ከቃሬዛው አንስተው ወደ መኪናው ሲያስገቡ ስሜነሽ አባ ደሴን በክንዳቸው ያዘቻቸው። ከቁልቁለቱ ሥር ድልድዩ ላይ ቀይ ካናቴራ የለበሰ ሰው እየጠበቃት እንደሆነ፣ ባሏ እንደሆነ፣ ልቡን እንደሚያመው ነገረቻቸው። “አባ ደሴ፣ ይሂዱልኝ። ደህና ናት፣ ተመልሳ ትመጣለች፣ ከዚያች ድልድይ አትነቃነቅ ብላሃለች ይበሉልኝ።” ሽማግሌው መንገዳቸው በዚያ ባይሆንም እሺ አሉ። የወላድ ሸክም ያቀለለልን ሰው መልእክት መሬት አይወድቅም አሉ። ከኋላቸው አንዱ ጎረምሳ ባዶውን ቃሬዛ እንደ ልማዱ ትከሻው ላይ ሊያወጣው ሲል ቆጡት። ባዶ ቃሬዛ በትከሻ አይያዝም፤ ሌላ የሚጫንበት ሰው መጥራት ነው አሉት። ጎረምሳው አፍሮ ቃሬዛውን በብብቱ ያዘው፤ ብርድ ልብሱንም አጣጥፎ በላዩ አደረገው።

መኪናው ዞረ። ክንዴ አሁን የልቡን ያህል ነዳ። ስሜነሽ የኋላ ወንበር ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ አንድ እጇን ጨብጣ ከውስጥ፣ ሌላውን ከልጅቷ ሆድ ላይ አድርጋ ማኅፀኑን ጨመቀችው። እንዲህ ሲይዙት ደሙ ይታገሣል፤ ሲለቁት ይመጣል። ባልየው ከፊት ወንበር ወደ ኋላ እያየ የሚስቱን ስም ብቻ ይጠራል። ከወንበሩ ሥር የስልኮቹ ከረጢት መጮህ ጀመረ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል፤ የልጆቹ እናቶችና ሚስቶች የት ደረሳችሁ እያሉ ነው። መንገዱ የተቦረቦረበት ቦታ ላይ ሲደርሱም ከትከሻ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ነገር ኳ ኳ ይል ጀመር። ትንሽ ብልቃጥ ነው። ስሜነሽ ድምፁን ለየችው።

መልእክቱን ልካ መድኃኒቱን ረስታለች። ሁለቱም እጆቿ በልጅቷ ተይዘዋል። ክንዴን ተመለስ ብትለው ልጅቷ ታልቃለች፤ ሂድ ብትለው ነጋ ያለ ክኒኑ ነው። ደግሞ ምን ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች፤ ድልድዩ ላይ ተቀምጧል፤ የተቀመጠ ሰው ምንም አይሆንም፤ በእናቱ አጥንት ምሏል፤ ዳገቱን አይወጣም። ብልቃጡ ግን በየጉድጓዱ መንኳኳቱን አልተወም።

ሆስፒታል ሲደርሱ ተረኛው ሐኪም እስኪረከባት እጇን ማንሳት አልቻለችም። በአልጋው ጎን እየተራመደች፣ ተጎንብሳ፣ ወደ ውስጥ ስትገባ ለክንዴ በአገጯ ቦርሳዋን አሳየችው። ብልቃጡን አውጣ፣ ብረር፣ ከምላሱ ሥር አንድ ስጠው፣ ይዘኸው ና አለችው። ክንዴ ብልቃጡን ጨብጦ ሮጠ። ሞተሩ ሲነሳ ሰማች።

ከዚያ በኋላ ያለውን እጇ ነው የሠራው። የእንግዴ ልጁ ወጣ፤ ማኅፀኑ ተኮማተረ፤ ደሙ ቆመ። ይመኙሽ ከሰመመኗ ነቅታ ልጄ የት አለ ስትል ሐኪሙ እንኳ ፈገግ አለ። ስሜነሽ ክንዷን እስከ ብብቷ ታጥባ በር ላይ ወጣች። ፀሐይ ከፍ ብላለች፤ ከቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ያልፋሉ። አንዲት ጎረቤት ቆም ብላ፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ትቶ ብረት መንዳት ደግ እንዳልሆነ በፈገግታ ነገረቻትና ሄደች።

ፒክአፑ ከሩቅ ታየ። በዝግታ ነው የሚመጣው። ክንዴ በዝግታ የሚነዳ ሰው እንዳልሆነ ስሜነሽ ታውቅ ነበር፣ ግን ያን ጊዜ አልታሰባትም። ያየችው የኋላው ጭነት ላይ ግራና ቀኝ የተቀመጡትን ሰዎች ነው፤ ተሸካሚዎቹ ናቸው። ባለ አበባው ብርድ ልብስም ይታያል። ልጅቷን ለመጠየቅ ሲመጡ ክንዴ መንገድ ላይ አግኝቶ ጫናቸው ብላ ደመደመች። ከፊት ወንበር ነጋን አጣችው፤ ተናደደች። ይህ ደረቅ፣ መኪና አልገባም ብሎ ከልጆቹ ጋር ቀጥሏል ማለት ነው። እስኪመጣ የምትለውን ሁሉ በሆዷ አዘጋጀች።

መኪናው ሲቆም ፊቷን አፍክታ ወደ ሽማግሌው ሄደች። “አባ ደሴ፣ እንኳን ደስ ያለዎ፤ ይመኙሽ ተርፋለች። አሁን ልጄ እያለች ነው።”

“ተመስገን” አሉ አባ ደሴ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፊታቸው አልፈካም። ሌሎቹም እንደ ተቀመጡ ናቸው፤ ቃሬዛው ጉልበታቸው ላይ ነው። ክንዴ ከመሪው አልወረደም።

“ልጄ፣ መልእክትሽን አድርሰናል” አሉ ሽማግሌው።

ስሜነሽ ያን ጊዜ ከብርድ ልብሱ ጫፍ የወጣውን ጫማ አየች። ሸራ ጫማ ነው፤ በስፌቱ ውስጥ ዱቄት አለ። ብርድ ልብሱ ፊቱን ሸፍኖታል፤ ቃሬዛ ላይ ያለ ሰው ከዓይንና ከፀሐይ እንዲጠበቅ ሁልጊዜ ይሸፈናል፤ ስለዚህ ለአንድ አፍታ ተስፋ አደረገች። ጭነቱ ላይ ዘልላ ወጥታ ገለጠችው። ጣቶቿ እንደ ጠዋቱ አንገቱ ላይ ሄዱ። ብዙ ቆዩ። አሥራ ስምንት ዓመት በዚያ ሥራ ላይ የኖረች ሴት ናት፤ ሌሎቹ ሊነግሯት አላስፈለጋቸውም።

“ዳገቱን ሞከረ?” አለች። ድምፅዋ ቁጣ ነበረበት። “ምሎልኝ ዳገቱን ወጣ?”

“አልወጣም ልጄ” አሉ አባ ደሴ። ከዚያ ቀስ እያሉ፣ አማርኛ ሲያጥራቸው እየቆሙ፣ ነገሯት፤ እሳቸው ያላዩትን ብስክሌተኞቹ በኋላ ሞሉላት። ነጋ ድልድዩ ላይ ወርዶ ጠብቋል። ልጆቹ ሲያልፉ እጁን ወደ ኋላ እየጠቆመ ሂዱ ሂዱ ብሏቸዋል። መኪናዋ ስትዘገይበት፣ ተገልብጠዋል ብሎ ልቡ ሸሸ። ስልክ የለው፤ የሚልከው ሰው የለው። ብስክሌቱን አዞረና ወደ ኋላ፣ የወረደውን ቁልቁለት፣ እየተጣደፈ መውጣት ጀመረ። እነሱ ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ አገኙት፤ ቁልቁለቱ ወገብ ላይ፣ ብስክሌቱ ላዩ ላይ ወድቆ፣ ፊቱ ወደ ዳንግላ ነበር።

“ነፍስ ነበረው?”

“ነበረው። መልእክትሽን ነገርሁት። ‘ደህና ናት?’ አለኝ። ‘ደህና ናት፣ የእኛን ሰው ይዛ ዳንግላ ገብታለች’ አልሁት። ‘እንግዲያ ቀስ በሉ፣ አታጣድፉኝ’ አለ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም። አነሳነው፤ መኪናው ሲደርስልን...” ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩት። “የእኛን አንቺ ይዘሽልናል፤ የአንቺን እኛ አልያዝንልሽም።”

ክንዴ በመጨረሻ ወረደ። እጁን ዘረጋላት፤ መዳፉ ውስጥ ብልቃጡ አለ፤ አልተከፈተም። ስሜነሽ ተቀብላው ያዘችው። ያስማለችው ፊት ለፊቱ ስላለው ዳገት ብቻ ነበር። ቁልቁለት ወደ ኋላ ሲመለሱበት ዳገት እንደሚሆን አላሰበችም፤ እሱም አላሰበም፤ ሲዞር የመሰለው ወደ ሚስቱ የሚሄድ ብቻ ነው።

ያን ሰዓት ይመኙሽን ጠላቻት። ይህን ከዓመታት በኋላም አልደበቀችውም። ከዲከረንሱ ውስጥ ሳትወጣ፣ አስፋልቱን ሳትረግጥ ሞታ ቢሆን ብላ ተመኘች። ልጅቷ ግን ከግድግዳው ወዲያ ባሏ አጥሚት በማንኪያ እያቀረበላት በሕይወት አለች፤ እስከ ዛሬም አለች።

ብስክሌተኞቹ በዚያን ጊዜ እንጅባራ ገብተው መኪናው ከነውሃው ከነዳቦው ለምን ቀረ እያሉ በነጋ ይቆጡ ነበር። ሁሉም ድልድዩ ላይ አይተውታል። እንግዳው የሚባለው የመጨረሻው ልጅ እንዲያውም ጋሽ ነጋ ልቁም ወይ ብሎ ቢጠይቀው፣ ነጋ ደንቡን ረሳኸው ብሎ ስቆበት ነበር። እንግዳው ከዚያ ወዲህ ብስክሌት አልነካም።

ነጋን ወደ ሆስፒታሉ አልጋ ሲያዛውሩት ተሸካሚዎቹ ብርድ ልብሱን አልወሰዱም። ይመኙሽንም ገብተው አላዩአትም፤ ከሐዘን ደጃፍ ላይ እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት አፈሩ። አንድ በአንድ ስሜነሽን እግዜር ያጥናሽ ብለው ወደ መንገዱ ወጡ። ያ ጎረምሳ ሐሳብ ይዞት ቃሬዛውን ትከሻው ላይ አወጣው። አባ ደሴ አልቆጡትም፤ አዩት ብቻ። ልጁ አውርዶ በብብቱ ያዘው፤ በዚያው ሄዱ።